የአራስ ቤት ደጅና የአሥር አለቃው ሳንጃ

ይህን ያመጡብኝ የጤና ጣቢያው ልጆች ናቸው። «እማማ አትጠገብ፣ ስንቱን አራስ አርሰዋል፤ ሥራው እንዴት እንደነበር ይንገሩንና እኛም እንወቀው» አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ልጅ ትጽፋለች። አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ማውራት ስለማይሆንልኝ እሷም ወረቀቷን ይዛ ከኋላዬ ከጓሮ ጓሮ ትዞራለች።

አራስ ማረስ ማለት የወለደችን ሴት ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ማብላት፣ ማጠብና መጠበቅ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ነበር፤ አክስቴ ይዛኝ ሄደች። ገንፎ ማገንፋቱን፣ አጥሚት ማፍላቱን ከእናቴ ቤት አውቀው ነበር። እሷ ግን ምድጃው ዘንድ አላስጠጋችኝም፤ ደጁ ላይ አቆመችኝ። አንድ ትልቅ ሰው ከገበያ በፀሐይ መጥቶ እንዳላበው ሰተት ሊል ሲል መለሰችው። ላቡ እስኪደርቅ ከቀርከሃው አጥር ሥር አስቀመጠችው። ሰውየው አጉረመረመ። እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ «ገንፎውን ማንም ያገነፋል። ያንቺ ሥራ ደጁ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እግሬ አላረፈም። አንዷን አራስ ሳልጨርስ ሌላዋ ትጠራኛለች። አዘና ከርሜ ጥርባ፣ ከጥርባ ዳንግላ፤ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ በእግር፣ በጋሪ፣ ኋላ ደግሞ በባጃጅ። ቤቴ ሳድር እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር፤ የሰው ቤት ግድግዳ ለምጄ። ማዋለዱን ጤና ጣቢያው ሲረከበን ደስ አለኝ፤ ብዙ እናት ተረፈች። እኔ ከጤና ጣቢያ መልስ ያለውን ያዝሁ።

የሥራችን አንዱ ደንብ ከአራስ ራስጌ ብረት አለመለየት ነው። ክፉ እንዳይቀርባት ይባላል። ባልየውን «ብረት አምጣ» እለዋለሁ። ገበሬ ማጭድ ያመጣል፣ ልብስ ሰፊ መቀሱን። አንድ ሹፌር የጎማ መፍቻ አምጥቶ ሚስቱ ራሷን እስኪያማት ሳቀች።

ባጃጅ እንጅባራን መሙላት በጀመረበት ሰሞን አንድ ወታደር አስጠራኝ። አሥር አለቃ ይርጋ ይባላል። ከካምፕ ውጪ፣ ከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ሚስቱ ትርንጎ የአዘና ልጅ ናት፤ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። እሱንም እንደ ሌላው «ብረት አምጣ» አልሁት። ማታ በፎጣ ጠቅልሎ ሳንጃ አመጣ። ከጠመንጃው ጫፍ የሚሰካው፣ ቁጥር ያለበት። ከትራሷ ሥር አድርጎት በማግሥቱ ሥራው ገባ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ አንድ መቶ አለቃ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ።

«ቤቱ ይፈተሻል» አለ።

አራስ እንዳለች ነገርሁት። «እማማ፣ አራሷን አንነካም። ዕቃ ብቻ ነው የምናየው» አለኝ። ምን ጠፋ ብዬ ጠየቅሁት። እሱ እርስዎን አይመለከትም አለ። ይርጋስ የት ነው ብዬ ብጠይቀው ካምፕ መያዙን ነገረኝ። ሳንጃው ከካምፕ መውጣት እንደሌለበት ትርንጎ ጠዋት ነግራኛለች፤ ከትራሱ ሥር ቢያገኙት ይርጋ ሌባ ተብሎ ይታሰራል፣ እሷም ሕፃን ታቅፋ ጎዳና ላይ ናት።

አራስ ቤት የገባ ሰው በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን እንደማይዘልቅ፣ ዕለቱም ማርያም መሆኗን አሳሰብሁት። ከወታደሮቹ አንዱ፣ ማተብ ያሠረው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መቶ አለቃው አየውና «አንተ ደግሞ ቄስ ልትሆን ነው የመጣኸው?» አለው።

በዚህ መሐል የቤቱ ባለቤት አያ ፈንታ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ። ትምህርት ቤት በር ጠብቀው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የዳኛ ወረቀት ይዛችኋል ወይ ብለው ጠየቁ።

«ለወታደር ቤት የምን ወረቀት? ወታደር ሲተኛም ወታደር ነው።»

«ካምፕ ውስጥ ቢሆን አፌን አልከፍትም፣ ጌታው። ይኸ ግን የኔ ግቢ ነው፤ ተከራዩም ሰውየው እንጂ ጦሩ አይደለም። የላሜን በረት ለማየት እንኳ ፖሊስ ወረቀት ይዞ፣ ጎረቤት ለታዛቢነት ጠርቶ ነው የሚገባ።»

«አባት፣ ሕግ ሊያስተምሩኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ዘበኛ ነበርሁ። ሕጉን የተማሩት ያውቁታል፤ እኔ በር ነው የማውቀው።»

መቶ አለቃው አልሳቀም። እጁን ወደ በሩ ሲሰድ ከውስጥ የትርንጎ ድምፅ መጣ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ወልዳ ያልጠናች ሴት ድምፅ።

«ጌታዬ፣ እሱ የእናንተ ነው። እኔንና ልጄን ግን የቀጠረን የለም። ይህ ቤታችን ነው።»

እጁ እንደተዘረጋ ቆመ። ከዚያ መለሰው። ወረቀቱን ይዘን እንመጣለን አለና ማተብ ያሠረውን ልጅ አጥሩ ላይ አቁሞ ሄደ።

የዚያን ከሰዓት ነገር አልረሳውም። ዝናብ ጀመረ። እኔ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ውኃ ቀድቼ መልሼ እደፋለሁ። ገንፎውን አሳረርሁት። የባጃጅ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መጡ እያልሁ አጥሩን አያለሁ። አጥሩ ላይ የቆመው ወታደር ሲበሰብስ አሳዘነኝና ትኩስ አጥሚት ይዤለት ወጣሁ። ፊቱን አዙሮ ጠጣ። ለማን ነው የምትጠብቅ፣ ለእኛ ነው ወይስ ለአለቃህ አልሁት። «እኔም አላውቅም እማማ» አለኝ።

ስመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የአራስ ልብስ ማንም ወንድ አይነካም። ሳንጃውን በሚታጠበው ጨርቅ ጠቅልዬ በዘንቢል ይዤ ወንዝ ብወርድ ልጁ አይፈትሸኝም። ደጅ ያለው እንዳይሰማን ለትርንጎ በአገውኛ ነገርኋት። እሷም በአገውኛ መለሰችልኝ።

«አይሆንም እማማ። በእርስዎ ዘንቢል ውስጥ ወታደሮቹ ቢያገኙት የተሰረቀ ዕቃ ነው። እዚህ ካለ ግን የአራስ ብረት ነው። ባሌ የሠራውን እሱ ይናገር። እርስዎ አይደብቁለት።»

ልጅነቷን አይቼ ንቄያት ነበር እንጂ እንዲህ ትናገራለች አላልሁም። እጄን ከትራሱ አነሳሁ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ ስላልቻልሁ ሕፃኑን ታቅፌ ክፍሏን ስዞራት ዋልሁ። ሲመሻሽ ሌላ ወታደር መጥቶ አጥሩ ላይ የቆመውን ጠርቶት ሄደ። እኛ ዘንድ ማንም አልገባም።

ምንም አላገኙበትምና በማግሥቱ ይርጋ ተለቆ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። ሚስቱን ስሞ፣ ሳንጃውን ከትራሱ አውጥቶ በዚያው ፎጣ ጠቀለለና ተመልሶ ወጣ። ራሱ ለአለቃው አስረከበ። ተቆጡት፣ ብዙ ሌሊት ዘብ አስቆሙት፤ ከሥራው ግን አልወጣም። ሳንጃው በነበረበት የአያ ፈንታን ማጭድ አደረግንላት።

ለእናንተ ለልጆቹ የምላችሁ ይህን ነው። አራስ ቤት ስትገቡ የቤቱን ሰው ሁሉ ትጠብቃላችሁ፣ ባልየው ወታደርም ይሁን ሌላ። ሊፈትሽ የመጣ ሰው የዳኛ ወረቀት ይዞ ይምጣ። እንደኔ ማንበብ የማትችል ካለች የሚያነብ ጎረቤት ትጥራ።

እኔ መቶ አለቃውን ያስቀረው ዝናቡ ነው፣ ወይም ማርያም ናት እያልሁ ኖርሁ። ከዓመታት በኋላ ዳንግላ አንዲት አራስ ሳርስ የአራሷ እናት አጫወተችኝ። በዚያን ጊዜ እንጅባራ ፍርድ ቤት ተላላኪ ነበረች። መቶ አለቃው ያን ቀን ዳኛው ዘንድ ገብቶ ነበር። ዳኛው ምን ጠፍቶባችሁ ነው ብሎ ጠየቀው። «ገብተን ስናይ ይታወቃል» አለ። ዳኛው አልፈረመለትም።