የቅቤ ሻጯ ስድብ

የአማኑኤሏ ያለምወርቅ አበረ ጌሾና ብቅል ትሸጣለች። በከተማው ከሚጠመቀው ጠላ ግማሹ ከእሷ ሱቅ ነው የሚነሳው፤ ጠጪው ግን የሚመርቀው ጠማቂዋን ነው። ይህ አያናድዳትም። የሚያናድዳት ሌላ ነው። ልጅ ሲሰደብ ከሰማች ሚዛኗን አስቀምጣ፣ ገበያተኛዋን ትታ ትነሳለች።

ልጅ ካየች ደግሞ «ቆንጆ» ሳትል አታልፍም። ንፍጡ ከአፉ የደረሰውንም፣ ራሱን ጭርት የጨረሰውንም «እንዴት ያለህ ቆንጆ ነህ» ትለዋለች። ለአማኑኤል እናቶች ይህ ደግ ነገር አይደለም። ልጅ በአደባባይ አይሞገስም፣ ዓይን ይበላዋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ በሱቋ በኩል ሲያልፉ ልጃቸውን ነጠላ ውስጥ ይከቱታል። ያለምወርቅ ይህን ታያለች፤ ግን አትተውም።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት ቅቤ ሻጭ ናት።

ያለምወርቅ ልጅ ሳለች ይህች ሴት በየገበያው ቀን ከደምበጫ በኩል ትመጣ ነበር። ደምበጫ የራሱ ገበያ አለው፣ ቅቤም እዚያ ሰው ጠልቶት አያውቅም፤ ሴትዮዋ ግን ቅሏን አዝላ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ትመጣለች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ሽያጯን ስትጨርስ ወደ ያለምወርቅ እናት ወደ አሰገደች ቤት ጎራ ትላለች፣ ደጃፉ ላይ ትቆማለች፣ ልጅቷን ከእግሯ እስከ ራሷ ታያትና ሁልጊዜ ያንኑ ትላለች።

«ይቺ ፉንጋ አሁንም አለች?»

አሰገደችም ሁልጊዜ ያንኑ ትመልሳለች። «አለች፣ ምን ትሆናለች።»

ከዚያ ሴትዮዋ ትቀመጥና ስድቡን ትዘረዝረዋለች። አፍንጫዋ ድንች ነው። ግንባሯ እህል የሚወቃበት አውድማ ነው። ይቺን ደግሞ ያለምወርቅ ብሎ የሰየማት ማን ነው፣ ስም ጠፍቶ ነው? ሲበቃት ጠላዋን ትጠጣለች፣ ከቅሉ ግርጌ ያስቀረችውን ቅቤ «ራሷን ቀቢያት፣ ባያምርባትም» ብላ ትተዋለች፣ ትሄዳለች። አባቷ አበረ ቤቱን የማያስደፍር፣ ለቃል የሚደባደብ ሰው ነበር። ለዚህች ሴት ግን መቀመጫ ያቀርብላታል። ያለምወርቅ በአባቷ በዚህ ብቻ ታዝንበታለች።

በዚህች ሴት ምክንያት መስታወት ሳታይ አደገች። ሽማግሌ ሲላክባት እንኳ ሊያሾፉብኝ ነው ብላ ከጎታው ኋላ ተደበቀች፤ የወጣችው ባሏ የሚሆነው ሰው በእውነት እንደፈለጋት በታቦት ስም ከተማለላት በኋላ ነው። አግብታ ልጇን በወለደች ጊዜ ቅቤ ሻጯ ሙሉ ቅል ቅቤ ይዛ አራስ ልትጠይቅ መጣች። ሕፃኑን ገልጣ አየችውና «ምስኪን፣ እሱም እንዳንቺው ፉንጋ ነው» አለች።

ያለምወርቅ ከነአራስነቷ ተነሳች። ለራሷ የተባለውን ሁሉ ችላ ነበር፣ ለልጇ የተባለውን ግን አልቻለችም። ሴትዮዋን ከደጅ አስወጣቻት፣ ቅቤውንም ከነቅሉ ወረወረችላት፣ ሁለተኛ በዚህ ደጅ እንዳላይሽ አለቻት። ቅቤ ሻጯ ጎንበስ ብላ ቅሏን አነሳች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሄደች። ተመልሳም አልመጣችም። ለያለምወርቅ ያ ቀን በሕይወቷ ደስ ካላት ቀኖች አንዱ ነበር።

አሰገደች ከብዙ ዓመት በኋላ ልትሞት ስትል እጇን ይዛ «ከቅቤ ሻጯ ታረቂ» አለቻት። ያለምወርቅ ትኩሳቱ ነው ብላ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችላት።

ይህ ያረጀ ነገር ነው። አዲሱ ነገር የልጅ ልጇ የአምደሚካኤል ሠርግ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ይሠራል። ሠርጉን ሳላይ አልሞትም ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች፣ ስለዚህ እሱ በዘገየ ቁጥር እሷም ለመኖር ተገዳ ቆየች። በመጨረሻ ደምበጫ ላይ ሕሊና ዘማርያም የምትባል አስተማሪ አገኘ። ያለምወርቅ ፎቶዋን በስልክ አይታ «ቆንጆ ናት» አለች፤ ይህ ከእሷ አፍ ሲወጣ ማስረጃ አይሆንም፣ ልጅቷ ግን የእውነት ቆንጆ ነበረች። ሠርጉ ለጥር ታሰበ። ያለምወርቅም ለማንም የማትሸጠውን ምርጥ ጌሾ ለይታ ቆለፈችበት።

ኅዳር ላይ ሽማግሌዎች ወደ ደምበጫ ሄዱ። ዋናው ሽማግሌ ጎረቤቷ አቶ ገዳሙ ነበሩ። በዚህ አገር ሁለት ልጆች ቢዋደዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው መዋደዳቸው አይደለም፤ ሰባት ቤት ነው። ከሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፣ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም። ገዳሙ በዚህ ቆጠራ የታወቁ ናቸው።

ሲመለሱ ከሱቁ ደጃፍ ተቀመጡ። ስለ አጨዳው አወሩ። ስለ መንገዱ አወሩ። ያለምወርቅ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ገባት፣ ምክንያቱም ገዳሙ ደግ ወሬ ይዘው መቀመጥ አይችሉም። ሲጨንቃቸው ነገሯት። ቆጠራው በሰላም ሄዶ ነበር። የልጅቷ አባት ዘማርያም የራሱን ቆጠረ፣ ገዳሙ የልጁን ቆጠሩ። «የአባቱ እናት ያለምወርቅ አበረ» ያሉ ጊዜ ግን ከጓዳ ድምፅ መጣ። የዘማርያም እናት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው፤ ዘጠናን ያለፉ፣ ከመነኮሱ የቆዩ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከመደባቸው የማይወርዱ። የአማኑኤሏ ናት ወይ፣ ጌሾ የምትሸጠዋ፣ ብለው ጠየቁ። ናት አሏቸው።

«እሷማ የእኔ ልጅ ናት። ለሰው ሰጥቻት ነው። አይጋቡም» አሉና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ምሳው ቀርቦ ስለነበር በሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያለምወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ የአበረን ሰባት ቤት ሳትደናቀፍ ስትቆጥር ኖራለች፤ ያን ዕለትም ብቅል እየሰፈረች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፣ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። መነኩሲቷ አርጅተዋል፣ ተምታቶባቸዋል አለች። የንስሐ አባቷን ቄስ አበባውን ጠየቀች። እሳቸውም መነኩሲቷ ራሳቸው ተሳስቻለሁ ካሉ ልጆቹን አጋባለሁ፣ ካላሉ ግን ጳጳስ ቢመጣ አላጋባም አሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ከአንዲት አሮጊት አፍ አንድ ቃል ካመጣች ሠርግ አለ፣ ካላመጣች የለም። አምደሚካኤልን አትሥጋ፣ ይዤልህ እመጣለሁ አለችው።

የቆለፈችበትን ጌሾ በከረጢት ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። እስከ ደምበጫ ድረስ የምትናገረውን አለማመደች። እማሆይ፣ ሰው ይሳሳታል። እማሆይ፣ ለእግዚአብሔር ብለው። ከመናኸሪያው በባጃጅ ሄዳ የዘማርያምን በር አንኳኳች።

በሩን የከፈተላት የራሷ አፍንጫ ነበር። ከአፍንጫው ኋላ ዘማርያም ቆሟል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የዚህ ቤት ሆድ አፍንጫ ላይ ሲደርስ ግን ምንም አልተዥጎረጎረም። ሁለቱም አይተው እንዳላዩ ሆኑ፣ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ገቡ።

እማሆይ መደባቸው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ቆባቸውን አስተካክለው ወደ እንግዳዋ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እሷን ሳይሆን ልጃቸውን ጠየቁት።

«ይቺ ፉንጋ አሁንም አለች?»

ያለምወርቅ መቀመጫ ስላልነበረ ለስጦታ ባመጣችው ጌሾ ላይ ተቀመጠች። ዘማርያም ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃት፤ እማሆይ በዕድሜያቸው ሰው ተሳድበው አያውቁም አላት። እሷም እኔን ያውቃሉ አለችው።

ከዚያ እማሆይ ታሪኩን ነገሯት። ሾተላይ ነበረባቸው፣ የወለዱት ሁሉ ክርስትና ሳይደርስ ይሞታል። ያለምወርቅ ስትወለድ አዋላጇ ይቺን ሽጫት አለቻቸው፤ ሞት ሲመጣ ልጅ የሌለበት ቤት ያግኝ። መካኗ አሰገደች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በአንድ ቁና ባቄላ ገዛቻት። ሆዷን በጨርቅ አሳብጣ ከወላጆቿ ቤት ልትወልድ ነው ተብላ ሄዳ ነበርና፣ ሕፃን ታቅፋ ስትመለስ አገሩ እልል አለላት። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ዘማርያም ሳይሞት ቆመላቸው። ስለዚህ እማሆይ ሽያጩ እንደሠራ አወቁ።

«ጥርስ ስታወጪ ልወስድሽ ነበር» አሉ። «ስትራመጂም ልወስድሽ ነበር። ቤቴን ሞት ያውቀዋል፣ በምን ልቤ ላምጣሽ? እመጣና አይሻለሁ። ታምሪ ነበር። ካመሰገንኩሽ ሞት ይሰማል።»

ያለምወርቅ ባቄላው ጥሬ ነበር ወይስ ቆሎ ብላ ጠየቀች። ለምን እንደጠየቀች አታውቅም። ጥሬ ነበር አሏት፤ መብላት አቅቷቸው ዘሩት፣ በቀለ።

ያለምወርቅ የመጣችበትን አስታወሰች። አምደሚካኤል ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ነው። እንደ ምንም ብላ ልጁ ልጅቷን እንደሚወዳት፣ ተሳስቻለሁ ካሉላት ቄሱ እንደሚያጋቧቸው ነገረቻቸው። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«የእኔ አይደለችም ማለትማ ለምጃለሁ። ከስድሳ ዓመት በላይ ብዬዋለሁ። በይ ካልሽኝ ዛሬም እላለሁ፣ ኃጢአቱንም ይዤው እሞታለሁ። በይ ማለቱን ግን አንቺ በይኝ።»

ልትወስደው የመጣችው ቃል ይኸው በነጻ ቀረበላት። በዓለም ላይ ከአምደሚካኤል የምትወደው ሰው የለም። ስለ እሱ ስትል ብዙ ዋሽታለች፣ ይቺን አንዲት ውሸት ማስዋሸት ምንም አልነበረም። ግን ከደጇ ጎንበስ ብላ ቅሏን ያነሳችው ሴት ከፊቷ ተቀምጣለች፣ ያን ጊዜም እንዲህ ዝም ብላ ነበር። እነሱስ ቢጋቡ ደም ናቸው፤ ካወቀች በኋላ ደግሞ አላወቅኩም ማለት አትችልም።

«አይበሉ፣ እማዬ» አለች።

ወጥታ ደወለች። ሠርጉ የለም አለችው። ለምን ሲላት «ሕሊና አክስትህ ናት» አለችው። አሞሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። አላመመኝም፣ አባቷ ወንድሜ ነው አለችው። መልሱን ስትጠብቅ የስልኳ ካርድ አለቀ። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። የምታለቅሰው ለእሱ ይሁን ለራሷ አልለየችውም፣ ለሁለቱም ይበቃ ነበር። ስትመለስ እማሆይ ዘማርያምን ቅቤ አስመጥተው ሽበቷን ቀቧት። ነጠላዋ ተበላሸ።

አምደሚካኤል ዐቢይ ጾም እስኪፈታ አልደወለላትም። ሕሊና ዝውውር ጠይቃ ሉማሜ ሄደች። በፋሲካ ማግስት ልጁ መጣ፣ ከስቷል። ከሕሊና ጋር አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ተገናኝተው ምን ብለው እንደሚጠራሩ ቸግሯቸው ሻይ ጠጥተው ተለያዩ። ይህን ከነገራት በኋላ ሾተላይ የደም ዓይነት ጉዳይ እንደሆነ፣ ዛሬ ለእናትየዋ መርፌ እንዳለው አስረዳት።

«ያኔ መርፌው ስላልነበረ ስድብ ነበር» አለችው። ከዚያ ቆንጆ ነህ አለችው፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ በይ፣ ይሰማል አላት።

አሁን ያለምወርቅ በየገበያው ቀን ጌሾዋን ይዛ ደምበጫ ትሄዳለች። ደምበጫ ጌሾ ሞልቷል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቃት ግን የለም። ገበያው ሳይፈታ ትነሳና ከዘማርያም ደጃፍ ላይ ትቆማለች።

«ይቺ አሮጊት አሁንም አለች?»

እናቱን አንቱ እያለ ያደገው ዘማርያም መጀመሪያ መልሱ ከአፉ አልወጣ ብሎት ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

«አለች፣ ምን ትሆናለች» ይላል።

ያለምወርቅም ይህን ከሰማች በኋላ ጫማዋን አውልቃ ትገባለች።