ድንጋይ ተሸክሜ ቤት ፍለጋ

ጥይቱ እኔን ፈልጎ እንዳልመጣ ወዲያው ገባኝ። በዚህ ዕድሜዬ እኔን የሚፈልግ ጥይት ከየት ይመጣል? ሽፍታ አልሆንሁ፣ ሹም አልሆንሁ፤ ጎረቤት እንኳ የሚጣላኝ ቀልዴ ሲሰለቸው ብቻ ነው። ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ካለው ሰፈራችን በላይ ሁለት ወገን ተኩስ ገጥሞ፣ አንዲት እርሳስ መንገድ ስታ የቤታችንን የጭቃ ግድግዳ በስታ ገባች። ባለቤቴ በሰፌድ ምስር ታበጥር ነበር። መጀመሪያ ምስሩ ተበተነ። ቀጥሎ ደሙ ከቅልጥሟ እየተንፎለፎለ በምስሩ ላይ ፈሰሰ። እኔ ጀግናው አልጋ ሥር ነበርሁ።

“ውጣ እንጂ፤ የመታው እኮ እኔን ነው” አለችኝ።

ወጣሁና በመቀነቷ እግሯን አሰርሁ። ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው ከመኪና መንገድ አደረሷት። ከዚያ ነፋስ መውጫ፣ ከነፋስ መውጫ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። በየኬላው “ማን ነው የመታት?” ይሉኛል። “ጥይት ነው” እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? በዚህ ዘመን ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው ቤቱ አያድርም።

ባሕር ዳር አጥንቷን በብረት አሰሩት፤ ብረቱ ከሥጋዋ ወጥቶ እንደ አጥር ችካል ቆመ። ወጣቱ ሐኪም ገና ደሟ ሳይደርቅ ጠራኝ።

“አባባ፣ አልጋውን ሌላ ቁስለኛ እየጠበቀው ነው። እናታችን መውጣት አለባቸው። ግን ሩቅ እንዳትሄዱ፤ ቁስሉ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። አቧራ ገብቶበት ኢንፌክሽን ከፈጠረ እግሩን እንቆርጠዋለን።”

ስለ ሸንኮራ አገዳ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

እንግዲህ የሚያስፈልገን ግልጽ ነው፤ ከሐኪም ቤቱ አጠገብ፣ ደረጃ የሌላት፣ አንዲት ንጹሕ ክፍል። እስክትገኝ ድረስ እሷ በረንዳው ላይ ተኛች፤ የአላፊ አግዳሚው አቧራና ዝንብ በቁስሏ ላይ ይዞራል። እኔ ደግሞ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ቤት ተከራይቼ አላውቅም። እኛ አገር ሰው ቤት ይሠራል፣ ያለዚያ ቤት ካላት ሴት ጋር ይጋባል፣ ሁለቱም ካልሆነለት “የመሸበት እንግዳ” ብሎ ይገባል።

ባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ከተማ ናትና ውሃውን ለማየት የሚከፈለው ውሃውን ለመጠጣት ከሚከፈለው ይበልጣል። አንድ ደላላ “ሐይቅ የሚያሳይ ክፍል” ብሎ ወሰደኝ። መስኮት የላትም።

“የታለ ሐይቁ?”

“የውሃ ታንከሩ ላይ ቢወጡ ይታያል፣ አባባ።”

የወር ኪራይዋ እኛ ዘንድ በሬ ይገዛል። በሬው ቢያንስ ያርሳል።

ሌላ ቦታ አንዲት ወይዘሮ በሩን ገርበብ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“ከየት ነዎት?”

“ከጋይንት።”

“እዚያ እኮ ተኩስ ነው።”

“ለዚያ እኮ ነው እዚህ የመጣሁት።”

“ተከትሎዎት ቢመጣስ?” ብላ ዘጋችው።

ቀጥሎ ያገኘሁት ሰውዬ ደግሞ ተያዥ ጠየቀኝ። “እግዜር አለ” አልሁት። “የቀበሌ መታወቂያ ያለው ሰው ነው የምንፈልገው” አለኝ። አልተቀየምሁትም፤ ቀልዱ ከኔ ይሻል ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሌላ ደላላ፣ ስልክ ጆሮው ላይ የተሰፋበት የሚመስል፣ የምፈልጋትን አሳየኝ። ከፎቅ ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል ናት፤ ወለሏ ሲሚንቶ፣ ውሃዋ ከደጃፏ፣ የሐኪም ቤቱ አጥር ከመንገዱ ማዶ። የቤቱ ጌታ ቁምጣ የለበሰ ወፍራም ሰው ነው። “እኔ የምፈልገው ጸጥተኛ ተከራይ ነው” እያለኝ ሳለ አንድ ጎልማሳ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ ገባ። ደላላው ክፍሏን ለሁለታችንም ሰጥቷት ኖሯል።

“አባባ ቀድመው መጥተዋል” አለ ደላላው።

“ትናንት እኔን ምን ነበር ያልኸኝ?” አለ ባለፍራሹ። ፍራሹን ጣለና በቡጢ አፉን አለው። ደላላው ደም ተፋ፤ ከደሙ ጋር ጥርስ ወጣ። ጥርሱን አይቶ አበደ። በጭንቅላቱ የሰውየውን ሆድ መታውና ተያይዘው ፍራሹ ላይ ወደቁ፤ አንዱ የሌላውን ጆሮ ባይነክስ ኖሮ የተነፋፈቁ ወንድማማቾች ይመስሉ ነበር።

“በሕግ አምላክ!” ብዬ ዱላዬን ወደ ላይ አነሣሁ። እኛ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወንዝ ይቆማል። እነሱ አልቆሙም። ዱላዬ ግን ወደ ኋላ ሲሄድ አንድ ነገር “ቋ!” ሲያደርግ ተሰማኝ። ዘወር ስል የቤቱ ጌታ ግንባሩን ይዟል፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። ሊገላግል ከኋላዬ መጥቶ ኖሯል።

“ገደለኝ!”

“የለም ጌታዬ፣ አልገደልሁዎትም፤ ይኸው ይናገራሉ እኮ።”

ማጽናናቴ ነበር። ዘበኛው አንገቴን ይዞ ወደ መንገዱ ወረወረኝ፤ ዱላዬ ተከተለኝ።

ለባለቤቴ ስነግራት እግሯን እስኪያማት ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ፊቷ ጠቆረ። ከቁስሏ መጥፎ ሽታ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።

“የሰው ደም አፍስሰህ ዝም ብለህ አትቀመጥ። ሂድና ታረቅ” አለችኝ። “ቤቱንም እንዳትረሳ።”

ደም ያፈሰሰ ሰው እኛ ዘንድ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ ወጥቶ ድንጋዩን ካወረደለት ታረቁ ማለት ነው። እኔ ግን ባሕር ዳር ሽማግሌ ከየት አምጥቼ? እኔው ሽማግሌ፣ እኔው ጥፋተኛ ሆኜ ልሄድ ቆረጥሁ። ካህንም የለኝ፤ በልጅነቴ ቤተ ልሔም ለዜማ ሄጄ፣ መምህሬ “ያንተ ድምፅ ለዝንጀሮ ጥበቃ ነው” ብለው ሳይመልሱኝ በፊት የቃረምኋት ጸሎት ትበቃኛለች አልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ድንጋይ ፍለጋ ተሰማራሁ። ጋይንት ድንጋይ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም፤ ድንጋዩ ነው ሰውን የሚፈልገው። እዚህ የመንገድ ዳሩ ኮብልስቶን ለበደሌ አነሰብኝ። ከአንድ ጅምር ፎቅ ሥር ጥሩ ጥቁር ድንጋይ አየሁ።

“ወዴት ነው፣ አባባ? ባለቤት አለው እኮ” አለ የግንባታው ጠባቂ።

“ይቅርታ ጠይቄበት እመልሰዋለሁ።”

ግራ ገብቶት አሳለፈኝ። ለአንድ ግንባር ግማሹ ይበቃ ነበር፤ ትልቁን ያሸከመኝ ታይታ ነው። የሚያየኝ የአገሬ ሰው ያለ መስሎኝ።

ከባለቁምጣው ደጅ ደረስሁ። እጆቼ ድንጋዩን ስለያዙ የብረት በሩን በግንባሬ መታሁት። “ስለ ማርያም! ስለ እናትዎ! ይማሩኝ!” እላለሁ፤ ድምፄ ግን ከድንጋዩ ሥር እንደ ማጓራት ሆኖ ነው የሚወጣው። ዘበኛው በቀዳዳው አየኝ።

“ኡኡ! ያ ሽማግሌ ድንጋይ ይዞ መጣ! በር እየሰበረ ነው!”

ባለቁምጣው ከፎቁ በረንዳ ላይ “ያዙት! ሊጨርሰኝ ነው!” ብሎ ጮኸ።

ከመንገዱ ማዶ የብረት በር የሚሠራ በያጅ ቱቦ ይዞ ሲሮጥ ሰማሁ እንጂ አላየሁም፤ ይቅርታ ጠያቂ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ጎኔን አለኝ። ውስጤ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ድንጋዩ ከጫንቃዬ ተንከባልሎ በሩን ሲመታ ሰፈሩ ቦንብ መሰለውና ተኝቶ የነበረውም ወጣ። አንዱ በጫማው፣ አንዱ በመጥረጊያ፣ አንዲት ሴት ደግሞ በእጣቢ ውሃ ከነባልዲው ደረሱልኝ። ጥርስ ቢኖረኝ ያን ቀን ያልቅ ነበር።

“ልታረቅ ነው!” እላለሁ ከእግር ሥር።

“በድንጋይ ነው የሚታረቀው?” ይላል አንዱ እየረገጠኝ።

“አዎ! በድንጋይ ነው!”

ይህ መልስ አልጠቀመኝም።

ባለቁምጣው ግንባሩን በፋሻ አስሮ ሲወርድ እግሩን ያዝሁት። “ድንጋዩን መልሰው ይጫኑብኝና ያውርዱልኝ፤ ያኔ ማሩኝ ማለት ነው” አልሁት። ይረግጠኝ የነበረው ሰው እግሩን አየር ላይ አቆመ።

“ቆይ፣ ቆይ” አለ። “እስቴ ያሉት አያቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ኧረ እውነታቸውን ነው።”

እጣቢ የደፋችብኝ ሴት ባልዲዋን አንሥታ ገባች። ባለቁምጣው ድንጋዩንም እኔንም ተራ በተራ አየ።

“ታዲያ ምነው ስልክ ቢደውሉ?”

“ድንጋዩ በስልክ አይገባማ።”

ሊስቅ ሲል ግንባሩን አመመው። “በቃ፣ ምሬዎታለሁ፤ ይነሡ” ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

“ክፍሏስ?”

ወደ ጓሮ ጠቆመኝ። ባለፍራሹ ጆሮው ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ በደጃፏ ቆሞ ጥርሱን ይቦርሻል።

ተነሥቼ ልሄድ ስል ጎኔ እምቢ አለ። ሳልሁ፤ ደም መጣ። በያጁ ቱቦውን ጥሎ ፊቱ አመድ መሰለ።

“አባቴ፣ የመታሁዎት እኔ ነኝ።”

“ዓይኔ ባያይህም ጎኔ ያውቅሃል።”

በባጃጅ ጭኖ ወደዚያው ሐኪም ቤት ወሰደኝ። የጎድን አጥንቴ መሰንጠቁ ተነግሮኝ፣ ታሽጌ፣ በበያጁ ትከሻ ተደግፌ ወደ ባለቤቴ ሄድሁ። በክርኗ ቀና አለች።

“ታረቅህ?”

“ታረቅሁ።”

“ቤቱስ?”

“ተይዟል።”

“ይሄስ ማነው?”

“የመታኝ ነው።”

ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። “አንተ ልጅ፣ ቤት አለህ?” አለችው።

እሱ ብረቱን፣ ዝንቡን፣ እግሯን አየ። ሽታውም ሳይደርሰው አልቀረም።

“አለኝ፣ እማማ። ከሥራ ቦታዬ ጀርባ ብረት የማስቀምጥባት ክፍል አለች። ግን ጫጫታ ነው።”

“ደረጃ አላት?”

“የላትም።”

“ታዲያ ምን ያንተባትብሃል? አንሣኝ እንጂ።”

የዚያኑ ዕለት ብረቱን አውጥቶ፣ ወለሉን አጥቦ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብቶ አስገባን። ኪራይ ስጠይቀው “እግርዎ ይዳን” ብሎ ለባለቤቴ መለሰላት፤ እኔን በጎኔ በኩል ማየት አይወድም።

ጫጫታው ግን እሱ ካለው ይብስ ነበር። መዶሻው ብረት ላይ ባረፈ ቁጥር እሷ ጋይንት፣ ተኩሱ መካከል ናት። አንድ ጠዋት ደንግጣ እግሯን ስትሰበስብ ችካሉ ሥጋዋን ቀደደው፤ አንሶላው ደም በደም ሆነ። በያጁን ጠርቼ አሳየሁት። ሥራውን ይተው አልለው፣ ልጆች አሉት። አንሶላውን ቆሞ አየና ወጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መዶሻውን ሳያነሣ ይጮኻል፦ “እማማ፣ ልመታ ነው!” መንገደኛው ይስቅበታል፤ እሱ ግድ የለውም። ሐኪሙ ትናንት ቁስሉን አይቶ፣ አሽትቶም፣ “እግሩ ይተርፋል” ብሎናል። አሁንም ይህን ስጽፍ ከግድግዳው ማዶ ይጣራል።

“እማማ፣ ልመታ ነው!”

“ምታ፣ ልጄ!” ትለዋለች። እሷ እግሯን፣ እኔ ጎኔን እንይዛለን።