ተዘዋዋሪው ዋንጫ

ታላቅ ወንድሜ የአሥር ሺህ ሜትር ሯጭ ነበር። ይህን አብረውኝ ለሚማሩ ልጆች ስነግራቸው የሚያምኑኝ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሳላጋንን፣ ያየሁትንና ከራሱ አፍ የሰማሁትን ብቻ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የተወለድነው ላሊበላ ነው። አባታችን ቄስ ናቸው፤ ወንድሜም ዲያቆን ነበር። የሰዓታት መንገድ ወደሆነው ገነተ ማርያም ተልኮ ሲመለስ የላኩት ሰዎች ከተቀመጡበት አልተነሡም ይባልለታል፤ ይህ እንኳ ተጋኗል። በደርግ ጊዜ ወታደር ሆኖ ሄደ። ማሠልጠኛው ውስጥ ሲሮጥ ያየው አንድ መኮንን ወደ ጦር ክፍሉ የስፖርት ክለብ አዛወረው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ሩጫ ሆነ፤ ደሞዝ የሚበላውም በሩጫው ነበር።

አንድ ዓመት ለደብራችን ንግሥ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ዋንጫ ይዟል። በክለቦች ውድድር ያሸነፈው ነው። ወላጆቹን አሳይቶ እንዲመልሰው አሠልጣኙ በራሳቸው ኃላፊነት ፈቅደውለታል። ከሁሉም የሚያስደስተው ግን ውጭ አገር ለሚሄደው ቡድን መመረጡ ነበር። ስለ መሮጫው ሜዳ ስጠይቀው፣ እዚያ ዳገት የለም፣ ግን ዞረህ ዞረህ ያው የነበርክበት ነህ፣ ከእግር ይልቅ የሚደክመው ልብ ነው አለኝ።

እናታችን ተስላ እንደነበር ማናችንም አናውቅም ነበር። ልጇ አሸንፎ በደኅና ከተመለሰ፣ ያሸነፈበትን ለታቦቱ ልታስገባ ቃል ገብታ ኖሯል። በንግሡ ቀን ስለት ያለው ያስገባ ሲባል ዋንጫውን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ወደ ፊት አለፈች። እልልታው ቀለጠ። ወንድሜ ሰውን እየገፋ ሲደርስ ቄሰ ገበዙ ተቀብለው ባርከዋል።

ቤት ስንገባ ቀስ ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ።

«እማዬ፣ ዋንጫው የኔ አይደለም። ተዘዋዋሪ ነው። ከርሞ ላሸነፈው ይሰጣል።»

«ከርሞስ የምታሸንፈው አንተ አይደለህ?»

አባታችን ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ማታውን ግን እህል አልቀመሰም።

በማግሥቱ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው እኛ ቤት መጡ። ዕቃ ቤት ከመቅረዙ ጋር አስቀምጠውታል፤ ለቅዳሴ አይሆን፣ ለጠላ አይሆን፣ ምን እንደሚያደርጉበት ቸግሯቸዋል። ስለት ይለወጣል፣ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ አስገቡና ዋንጫውን ውሰዱ አሉ። አባታችን ተስማሙ። ወንድሜ የቄሰ ገበዙን ጉልበት ስሞ ዋንጫውን ሊያመጣ ተነሣ።

እናታችን በሩ ላይ ቆመች። ቃሏን ያጠፈች ጎረቤታችን ልጇን በዓመቱ እንደቀበረች አስታወሰችን። ከዚያ እጇን ወደ ደረቷ ከተተች።

«ከታቦት እጅ ነጥቀህ ብትሄድ ጡቴን ይዤ ነው የምረግምህ።»

ቄሰ ገበዙ ሊገሥጿት ቢሞክሩም አልሰማችም። አባታችን፣ ስንት ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩት ሰው፣ ወለሉን ወለሉን ያዩ ጀመር። ወንድሜ ተመልሶ ተቀመጠ። የእናት እርግማን ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው የለም። ቢያንስ እኛ አገር የለም።

ባዶ እጁን ሄደ። የደረሰበትን የሰማነው ቆይቶ ነው። የጦር ክፍሉ ካድሬ ሰው ሁሉ ፊት አቅርቦ፣ የሕዝብን ንብረት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠ አድኃሪ አለው። አሠልጣኙም በሰጡት ፈቃድ ተገሠጹ። ቡድኑ ያለ እሱ ወደ ውጭ ሄደ። እሱን ከክለቡ አውጥተው ከእግረኛ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ላኩት። የሚሮጥበት ዕድሜ እዚያ ምሽግ ውስጥ አለቀ።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ መጣ። ከስቶ ነበር እንጂ አልቆሰለም። እናታችን መሬት ስማ አለቀሰች፤ ከዚያም ቀና ብላ፣ «አየህ? ያን ጊዜ ቃሌን ባጥፍ ሬሳህም አይመጣልኝ ነበር» አለችው።

«እውነትሽን ነው» አለና እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ጠየቀ።

እናቴን መጥላት አልቻልኩም። ትክክል ነሽ ማለትም አልቻልኩም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ መኪና ድረስ የሸኘኝ እሱ ነው። የጭነት መኪናው ላይ ወጥቼ ከተነሣን በኋላ ስንቄ እሱ ትከሻ ላይ መቅረቱን አየሁ። ጮኼ ጠራሁት። ሾፌሩ መንገዱ መጥፎ ስለሆነ የሚነዳው በዝግታ ነበር፤ ማንም ሰው ሊደርስበት ይችላል። ተሳፋሪዎቹም አብረውኝ ተጣሩ።

«ሩጥ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ምነው፣ እግርህን ለማን አውሰኸው ነው?» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

ወንድሜ ሰምቷል። ስንቁን በሁለት እጁ ይዞ በተለመደው እርምጃው እየተራመደ፣ ኩርባው እስኪጋርደን ድረስ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል መጣ። አልሮጠም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አዝና፣ «እግሩን ያመዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አያመውም አልኳት።