የቶብ ሻጯ አክስቴ ጥያቄ

አክስቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቶብ የሚባል ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ጨርቁን እየዘረጋች፣ ለመግዛት የመጣችውን ሴት ሁሉ «የማኅፀን ጫፍ ምርመራ አድርገሻል?» ብላ ትጠይቅ ነበር። አብሬያት ስለምሠራ በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር።

«አክስቴ፣ ወንዶች ይሰማሉ እኮ!»

«ይስሙ! እኔስ አፍሬ ዝም ስል አይደል ልሞት የነበረው?»

እውነቷን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ይዟት፣ ካርቱም ተመላልሳ ታክማ ድናለች።

አምና አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ፤ መዋጥም አቃታት። የድሮው በሽታ የተመለሰ መስሎን ነበር። ሐኪሙ ናሙና አስመርምሮ፣ «አይደለም ሐጃ፤ ይህ ጉሮሮዎ ላይ የጀመረ ሌላ ካንሰር ነው። የሁለቱም መነሻ ግን ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ ነው» አላት።

እሷም፣ «እንግዲያ ለሴቶቹ ግማሹን ብቻ ነው ስነግራቸው የኖርኩት» አለች።

በማግስቱ ሱቅ ገባች። በሻከረ ድምፅ፣ «አንገታችሁ ላይ እብጠት ካያችሁ አትናቁት፤ ለባሎቻችሁም ንገሩ፤ ለሴት ልጆቻችሁ የዚህን ቫይረስ መከላከያ ክትባት ጠይቁ» ትል ጀመር። ድምፅዋ ጨርሶ እስኪጠፋ አላቆመችም።

አሁን ብቻዬን ጨርቅ እዘረጋለሁ። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። እኔንም ስትጠይቀኝ «አዎ፣ ተመርምሬያለሁ» እያልኩ ለዓመታት ዋሽቻታለሁ፤ እሷም አምናኝ ሄደች። ከቀበርናት በኋላ ከሰላ ከተማ ሄጄ ተመረመርኩ። ደህና ነሽ ተባልኩ። ወረቀቱን ይዤ ሱቅ ስደርስ የማሳየው ሰው አልነበረም።