የረቡዕና የዓርብ ምሳ

ሳሊሃ የይጁቤ ከተማ ነጋዴ ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የመሬት መዝገብ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ትጠብቃለች። ጥበቃ ስላችሁ ዱላ ይዛ በር ላይ የቆመች እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ፋይል አሻራ የሚሉት ረጅም ቁጥር አለው፤ ከውስጡ አንዲት ፊደል ከተነካች አሻራው እንዳለ ይለወጣል። እሷም ጠዋት ጠዋት የዛሬውን አሻራ ደህና ከነበረበት ቀን አሻራ ጋር ታመሳክራለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ከሰው አያነጋግርም።

ምሳ ላይ ደግሞ ይብሳል። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ አንድ ትሪ ላይ አይቀርብም፤ ስለዚህ ጥግ ይዛ ብቻዋን ትበላለች። ብቻውን የበላ መቼ ይጠግባል? ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም ነው፤ ሽሮ ሃይማኖት የለውም። የመዝገብ ቤቷ እቴናት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትመጣና "ነይ እስቲ ላጉርስሽ" ትላታለች። ሳሊሃ ሳምንቱን የምትገፋው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የእቴናት ኮምፒውተር ላይ አንድ የሲስተም ፋይል ተለውጦ አገኘችው። ተከትላ ብታይ አዲስ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ከፍላሽ ተጭኗል። ስሙ የታወቀው ፕሮግራም ስም ነው፤ አሻራው ግን ሠሪዎቹ ካወጡት አሻራ ጋር አይገጥምም። የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ዝም ብትል ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ይዛመትና የስንቱ ገበሬ መዝገብ ይበላሻል፤ ብትናገር እቴናትን ታጣለች።

ምነው ለብቻዋ ጠርታ በጠየቀቻት። ምሳ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ "እቴናትዬ፣ በፍላሽ የጫንሽው ነገር አለ እንዴ?" አለቻት።

እቴናት ደነገጠች። "ማርያምን፣ ምንም አልጫንኩም!"

ማርያም ከተጠራች በኋላ እንግዲህ መመለሻ የለም።

ከሰዓት በኋላ ለአለቃቸው ለኃይለ ሚካኤል ተናገረች። ፍላሹ ከእቴናት መሳቢያ ተገኘ፤ የወንድሟ ልጅ የሰጣት ኖሯል። አለቃው ትንሽ ተቆጥቶ ተወው። እቴናትን ያንገበገባት ግን ሌላ ነው።

"በሰው ፊት ጠይቀሽ በእመቤቴ ስም በሐሰት አስማልሽኝ" አለቻት ኮሪደር ላይ። "ለብቻዬ ብትጠይቂኝ እነግርሽ አልነበር?"

እውነቷን ነዋ።

ዓርብ ዕለት ሳሊሃ፣ እቴናት የምትወደውን አዚፋ ሠርታ መጣችና ጠራቻት።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ አንቺ ብዪ" አለች እቴናት፣ ፊቷን ሳታዞር። ትንሽ ቆይቶ ከመዝገብ ቤት የእቴናት የምሳ ዕቃ ክዳን ሲከፈት ተሰማ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት ሳሊሃ እንደ ልማዷ አሻራዎቹን አመሳከረች። ማሽኑ "የተለወጠ ነገር የለም" አላት። የሁለት ሰው አዚፋ ይዛ መጥታ ነበር።