አባባ ይመር ያልበሉት ነፃ ምሳ

ይህ ነገር የገጠመኝ ከሁለት ዓመት በፊት በሰመር ነው። ሰው እንዳይሳቀቅ ብዬ በተናገርኩት ትንሽ ውሸት የተነሣ አንድ ትልቅ ሰው ዓይኔ እያየ ሊሞቱብኝ ነበር። ብዙ ነገር ቶሎ የምረሳ ሴት ነኝ። ይህ ግን ምሳዬን ቋጥሬ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ክሪስታል ሲቲ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። አብራኝ የምትሠራው ሰብለ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ሰብለ የካዚኖ ማሽን ትወዳለች። ካዚኖዎቹም እሷን ይወዷታል፤ ስልኳ ላይ “ሁለት ሌሊት በነፃ እደሪ” የሚል መልእክት አይጠፋም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ቁማር አልነካም። ግን ባሕር እወዳለሁ። ከባሕሩም በላይ ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ መተኛት እወዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታነጥፍ የምትውል ሴት ይህን ትረዳኛለች። ስለዚህ ሰብለ ባሕር ዳርቻ ወዳለ አንድ የካዚኖ ሆቴል እንሂድ ስትለኝ ብዙ አላስለመንኳትም።

ካዚኖ ያለበት ከተማ ሰውን የሚያራቁተው በማሽን ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። በሆዱም ነው። እዚያ ሳንድዊች የሚሸጥበትን ዋጋ ያየ ሰው ሳይወድ ይጾማል። እኔ በዚህ በኩል አልሞኝም። ኩለሬን፣ የምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥኔን፣ ከቤት ሞልቼ ነው የምወጣው። በፎይል የተጠቀለለ እንጀራ፣ ከሐላል ሥጋ ቤት በገዛሁት ሥጋ የተሠራ የቋንጣ ፍርፍር፣ ሩዝ በካሮትና በፎሶልያ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ የማንጎ ጁስ። ክፍሉ ውስጥ ፍሪጅ መኖሩን ቀድሜ ደውዬ እጠይቃለሁ። የቡና ማሽኑ ውኃ ያፈላልኛል፤ የፈላ ውኃ ካለ ደግሞ ሻይም አጃም አለ ማለት ነው። ምግቡን የምይዝበት ዕቃ ከሬስቶራንት የተረፉ የፕላስቲክ ሳህኖች ናቸው፤ አጥቤ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ቢጠፉም አያናድዱም። ሰብለ ኩለሩን አይታ “አንቺ ቫኬሽን ሳይሆን ዘመቻ ነው የምትወጪው” ብላ ሳቀችብኝ። መንገድ ላይ ግን ፍርፍሩን የጨረሰችው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ሰብለ በጨዋታዋ ያገኘችው የቡፌ ኩፖን ለሁለት ሰው ስለነበር አብሬያት ገባሁ። ሥጋውን ትቼ ዓሣና ሰላጣ በላሁ። ሁለት ሳህን ነው የበላሁት። ነፃ ነገር እወዳለሁ፣ አልደብቅም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ሲሆን ሰብለ “ሐያትዬ፣ አንቺ ሪላክስ አድርጊ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ተጫውቼ ቴክስት አደርግልሻለሁ” ብላ ወደ ማሽኗ ሄደች። ሆቴሉና ካዚኖው በአንድ ረጅም ኮሪደር ይገናኛሉ። ባሕሩን የሚያሳይ ትልቅ መስኮትና ለስላሳ ወንበሮች አሉት። እዚያ ቦታ ይዤ ምሳዬን ከፈትኩ።

ፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ መቁጠሪያ ይዘዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወደ ማታ ሳልፍም እዚያው ወንበር ላይ አይቻቸው ነበር። ቁማር ቤት ደጃፍ ላይ መቁጠሪያ የያዘ ሰው ማየት የተለመደ ስላልሆነ ዝም ብዬ ላልፋቸው አልቻልኩም።

“አሰላሙ ዐለይኩም አባባ።”

“ወዐለይኩሙ ሰላም። የኛው ልጅ ነሽ?” አሉ። ፊታቸው በራ።

ስማቸው ይመር ይባላል። ኮምቦልቻ አካባቢ ከሚገኝ ገጠር ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ልጃቸው ዘንድ ከመጡ አራት ወር ሆኗቸዋል፤ የመጡትም አብረዋት ሊኖሩ ነው። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ ስላቸው አባቴ ማን እንደሆነ፣ የእናቴ ወገን ከየት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ልጃቸው ልጆቿን ይዛ ባሕር ዳር ወርዳለች። ክፍሉን በነፃ አግኝቶ ቤተሰቡን ያመጣው ባሏ ነው። እሱስ የት ነው አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ ካዚኖው አመለከቱኝ።

“እንብላ አባባ” አልኩ።

“ብዪ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ።”

የኛ ሰው ጠግቤያለሁ ሲል ጠግቦ ሊሆን ይችላል፣ ርቦትም ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ያለው መንገድ መለመን ብቻ ነው። በሞቴ አልኳቸው። በልጅዎት ሞት አልኳቸው። ሳህኑን ወደሳቸው ገፋሁት። ሦስተኛው ልመና ላይ እጃቸውን ወደ እንቁላሉ ዘረጉ። ከመንካታቸው በፊት ግን ቆም አሉና ጠየቁኝ።

“ለመሆኑ ይህን ከየት አመጣሽው?”

የአንቺን ምሳ ልጨርስብሽ ነው ወይ ያሉኝ መሰለኝ። በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ያውም እንግዳ፣ የሠራተኛ ምሳ ተካፈልኩ ብሎ እንዲሳቀቅ አልፈለግሁም። ሳህኖቹም የሬስቶራንት ናቸው፤ ለውሸት ተመቹኝ።

“ኧረ አይሳቀቁ! እዚሁ ካዚኖው ነው የሰጠን። በነፃ ነው። ብንፈልግ ሌላም ይጨምሩልናል።”

እጃቸውን ሰበሰቡ።

“አይ፣ አላህ ይስጥሽ። ጠዋት በደንብ በልቻለሁ።”

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ከዚህ በላይ አልለምንም ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። እሳቸው ስለ አገር ቤት ዝናብ፣ ዘንድሮ ማሽላው እንዴት እንደሆነ ያወሩኝ ጀመር። እኔ እየበላሁ አዎ፣ አዎ እላለሁ። ምሳዬን ልጨርስ ስል አባባ ይመር ወሬያቸው መሐል ላይ ዝም አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ያ ኮሪደር በኤሲ ብርድ የሚያንዘፈዝፍ ነው፤ እሳቸው ግን ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። መቁጠሪያው ከእጃቸው ወድቋል። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። እናቴ ስኳር ነበረባት፣ ያንን ላብ አውቀዋለሁ፤ ስኳር ሲወርድ የሚመጣ ነው።

“አባባ፣ ስኳር አለብዎት?”

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የካዚኖው በር ላይ የቆመውን ሴኪዩሪቲ ተጣርቼ አምቡላንስ ጥራ አልኩት። የማንጎ ጁሱን በክዳኑ ቀድቼ ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ከንፈራቸውን ገጠሙ። ምን እንደሆነ ያልገባቸው መስሎኝ እንደገና ሞከርኩ። ፊታቸውን አዞሩና ጁሱ ጢማቸው ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛ ስሞክር በቀጭን ድምፅ አንድ ነገር አሉ። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት።

“የቁማር አልበላም።”

ለካ ሰውየው ምግቡን እንቢ ያሉት እኔ ካዚኖው ነው የሰጠን ስላልኳቸው ነው።

“የቁማር አይደለም! ዋሽቼዎት ነው! ከቤቴ ነው ያመጣሁት፣ ከአሌክሳንድሪያ! በላቤ የገዛሁት ነው!”

ጮኼያለሁ መሰለኝ፤ የሚያልፉት ሰዎች ቆመው አዩን። አባባ ይመር በደከመ ዓይን ተመለከቱኝ። ቅድም ነው አሁን የዋሸሁት የሚለውን የሚያመዛዝኑ ይመስሉ ነበር። እኔ በልቤ አላህን እየለመንኩ ነው።

“ወላሂ በይ” አሉኝ።

“ወላሂል ዐዚም።”

አፋቸውን ከፈቱ።

ጁሱን በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋቸው፤ ቀጥሎ ግማሽ ሙዝ በሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ላቡ ቆመ፣ ንግግራቸውም ተስተካከለ። ሴኪዩሪቲው በስልካቸው ልጃቸው ጋ ደወለ። አምቡላንሱን ስንጠብቅ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዳልበሉ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ጠዋት በልቻለሁ አሉ። ትክ ብዬ ሳያቸው ግን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው የታጠፉ የምግብ ኩፖኖችን አወጡ። ልጃቸው ባሏ ከካዚኖው ያገኘውን ኩፖን ስትሰጣቸው ይቀበላሉ። ከዚያ ወደ ቡፌው የሚሄዱ መስለው እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ይላሉ። ቆይተው ይመለሱና በላሁ ይሏታል። ትናንት ጠዋት ከቤት ሲወጡ ከበሉት ቁርስ በቀር አፋቸው የገባው ከቤት በኪሳቸው የያዙት ጥቂት ተምር ብቻ ነው። እሱም ማታ አልቋል። የስኳር መድኃኒታቸውን ግን በሰዓቱ ወስደዋል።

“ለምን አይነግሯትም?” አልኩ።

“አማቼ ያመጣኝ ሊያስደስተኝ ብሎ ነው። አባቴ ያንተን ምግብ ሐራም ነው አለ ብላ ትንገረው? ትዳሯን ልበጥብጥ?” ከዚያ እጄን ያዙኝ። “እንዳትነግሪያት። አደራ።”

እሺም እንቢም አላልኩም። እንደ እሺ የቆጠሩት ይመስለኛል።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹና ልጃቸው አንድ ላይ ደረሱ። ልጅቷ ሰዓዳ ትባላለች። እግሯ በአሸዋ እንደተሸፈነ ሮጣ ነው የመጣችው። ከሠራተኞቹ አንዷ የጣታቸውን ደም እየለካች መጨረሻ የበሉት መቼ ነው ብላ ጠየቀች። ሰዓዳ እያለቀሰች ስለነበር ጥያቄው ለኔ ሆነ። ወደ አባባ ይመር ዞሬ በአማርኛ ጠየቅኳቸው።

“ጠዋት በልቷል በያቸው” አሉኝ። ዓይናቸው አደራውን ያስታውሰኛል።

የኔ እንግሊዝኛ የክፍል ማጽጃ እንግሊዝኛ ነው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምግብ አልበሉም፣ መድኃኒታቸውን ግን ወስደዋል ለማለት ግን ይበቃል። እሱኑ አልኩ።

ሰዓዳ ማልቀሷን አቆመች። ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ኩፖኖች አየች፣ ወደ አባቷም ዞረች።

“አባ፣ በላሁ እያሉኝ አልነበረም?”

ባሏ ጋ ደወለች፣ አያነሳም። እንደገና ደወለች። ሠራተኞቹ አባቷን ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሲያስተኙ ሦስተኛ እየደወለች ነበር። ማሽኖቹ መሐል ስልክ አይሰማም ልላት አስቤ ተውኩት።

አልጋውን ሊገፉት ሲሉ አባባ ይመር በእጃቸው ጠሩኝ።

“ያልኩሽን አልሽላቸው?”

“አላልኩም አባባ። እውነቱን ነው ያልኩት።”

“አይቻለሁ” አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከባሕር ዳርቻ የመጡት የልጅ ልጆቻቸው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ፎጣቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር።

ሰብለ መጥታ የሆነውን ስነግራት “የሰው ፋሚሊ ኢሹ ውስጥ ምን አስገባሽ?” አለችኝ። የሚቀጥለውን የምሳ ኩፖን ብታወጣልኝም አልበላሁበትም። የበላሁት ዓሣ ሐራም ነው አይደለም የሚለውን አዋቂ ልጠይቅ ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ መልሱን የፈራሁት ይመስለኛል።

ከወር በኋላ ሰዓዳ ኮል አደረገችኝ። ቁጥሬን ለሴኪዩሪቲው ትቼለት ነበር። አባቷ ሐኪም ቤት አንድ ሌሊት አድረው ወጥተዋል። ቤት ሲመለሱ ግን ይህ ዳቦ በየትኛው ገንዘብ ተገዛ፣ ይህ ወተት በየትኛው ገንዘብ ተገዛ እያሉ ከባሏ ጋር መስማማት አልቻሉም። ሳምንት ሳይሞላ አገሬ መልሱኝ አሉ፤ ተመለሱም። ባሏ ካዚኖ መሄዱን ይተው አይተው አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። “አንቺ ግን ምንም ጥፋት የለብሽም” አለችኝ። ጥፋት ለሌለበት ሰው ግን እንዲህ አይባልም።

“ተቀይመውኛል?” አልኳት።

“ስምሽን ሳነሳ ዝም ይላሉ” አለች።

የመጀመሪያው ውሸቴ እስካሁን ያሳፍረኛል። ደግ ለመምሰል ብዬ በአንድ ትንፋሽ ነበር ያወጣሁት። እውነቱን በመናገሬ ግን አልጸጸትም፤ የአምቡላንስ ሠራተኛዋ ጥያቄ ዛሬም ቢቀርብልኝ ያንኑ እመልሳለሁ። እንደዚያም ሆኖ ነገሩ ልቤ ላይ ተቀምጧል። ልጃቸው ጋ ለመኖር ያን ያህል መንገድ የመጡ አባት በኔ አንድ መልስ ተመልሰዋል። በኛ ዘንድ ደግሞ የሽማግሌ አደራ በልቶ ምርቃት የለም።

አሁን አባባ ይመር ወሎ ናቸው። መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ደህና ናቸው ብላኛለች ሰዓዳ። ይቀየሙኝ ግድ የለም። ብቻ ይኑሩልኝ።