መድኃኒት ያለበት ድስት

ሰኞ፣ ከነቀምቴ መነሻ

የተላክኩበትን ጉዳይ ሳልደብቅ ልጀምር፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ያለው የባልትና ክፍል ይዘጋ ወይስ ይቆይ ብዬ ለትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ልጽፍ ነው። መልሱን አውቶቡስ ሳልሳፈር ይዤው ነበር፦ ይዘጋ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ከጓዳ ለመውጣት ነው። ሴት ልጅን ትምህርት ቤት አስገብቶ ሽንኩርት ማስከተፍ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

አለቃዬ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። እዚያ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ለትምህርት የሰጡት ባልትና አለ ስለተባለ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ከተዘጋ አሥራ አንዱም ልጆች ቤት ይቀራሉ። ችግሩ ልጆቹ ከወር ወዲህ ክፍሉን መሸሻቸው ነው፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ የሚናገር ጠፋ። ከእኔ በፊት የሄዱት ተቆጣጣሪ «ሰው ዝም አለኝ» ብለው በማግስቱ ተመልሰዋል። ሴት ብትሄድ ይሻላል ተባለና እኔ ተላክኩ።

አውቶቡሱ እስከ ሲሬ ሁለት ብር አስከፈለኝ፤ አቧራውን በነፃ ጨመረልኝ። ሲሬ ላይ ምሳ በልቼ በቅሎ ተከራየሁ። ባለ በቅሎው ኦቦ ገመዳ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። በቅሎዋን «ሚኒስትር» ይሏታል፤ ሳይለምኗት አትንቀሳቀስም። የምሄድበትን ስነግራቸው ግን ቀልዱ ቆመ። ከኑኑ ቁምባ ወዲህ ያለች፣ ስሟን የማልጽፋት ከተማ ናት። አንድ ጣሳ ቆሎ ገዝተው ኮሮጆዬ ውስጥ ጨመሩልኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚያ ስትደርሺ ይቺን ብዪ። የትምህርት ቤቱን ግን እንዳትቀምሺ።»

ለምን ስላቸው በቅሎዋን መቱ።

ማክሰኞ

መንገድ ላይ ካለ ገበሬ ቤት አድረን ከተማዋ የደረስነው አራት ሰዓት ላይ ነው። ጉሙ ገና አልተነሣም። «አካም ጂርታ» ተብሎ ጥጃው ሳይቀር ደኅንነቱ በሚጠየቅበት አገር፣ ሰላምታዬን ሰው ሁሉ መሬት መሬት እያየ ተቀበለኝ። ኦቦ ገመዳ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ አወረዱኝና አልገባም አሉ።

ከባልትናው ክፍል ስም ሲጠራ ሰማሁ። «ሌንሴ።» ዝም። «ጃለኔ።» ዝም። እያንዳንዱ ስም መልስ የሚጠበቅለት ያህል ጊዜ ይሰጠዋል። በመጨረሻ «ቦንቱ» ሲባል አንድ ቀጭን ድምፅ «አቤት» አለ።

ገባሁ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ሳህን በተርታ ተቀምጧል፤ ሁሉም በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በጨርቁ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ከጃንሆይ ሥዕል ሥር መምህርቷ ወይዘሪት አስናቀች ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ቆማለች። ከወንበሮቹ ላይ ያለችው አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብቻ ናት።

ለማን ነው የምትሠሪው አልኳት።

«ድንገት ቢመጡስ፣ እህቴ?»

የተረፈውን ጓሮ ትቀብረዋለች። ውሻ እንኳ እንዳይበላው ሰዎቹ ውሾቻቸውን አስረዋል። ወጥቼ አየሁት፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ትንንሽ የአፈር ክምር ተደርድሯል፣ የሕፃናት መቃብር ይመስላል። ይህን ከአጥር ውጪ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።

የሆነውን መምህርቷ ነገረችኝ። በወላጆች ቀን አንጮቴ የሚሉትን የአገሩን ሥር አሠርታ ለእናቶች አቀረበች። በተማረችው ደንብ መሠረት እጇን አጣጥፋ ቆመች፤ አስተናጋጅ ከእንግዳ በፊት አይበላም፣ የቀመሱበት ማንኪያም ወደ ድስት አይመለስም። በዚህ አገር ግን ባለቤት ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ከዚያ ስለ ምግብ ጥቅም በአማርኛ ተናገረች፣ ቦንቱ አስተረጎመች። እናቶቹ ማንኪያ አስቀመጡ። በሕመም የከረሙት አዴ ዲንቄ ብቻ በሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

ሰሌዳው ላይ የዚያን ቀን ጽሑፍ አልጠፋም፦ «በምግብ ውስጥ መድኃኒት አለ።»

ቦንቱን ወደ ጓሮ ወሰድኳትና ይህን በእናትሽ ቋንቋ እንዴት አልሽው ብዬ ጠየቅኳት።

«ኛታ ከና ኬሳ ቆሪቻቱ ጂራ።»

የገበያ ያህል ቋንቋውን እሰማለሁ፤ በደንብ ገባኝ። በዚህ ምግብ ውስጥ ቆሪቻ አለ ማለቷ ነው። ቆሪቻ መድኃኒት ነው፤ በሽተኛ የሚያድነውም፣ በጠላት መጠጥ ውስጥ የሚጨመረውም። በአማርኛስ ቢሆን እገሊት እገሌን መድኃኒት አበላችው ሲባል ማን ዳነ ብሎ ይሰማል?

«ማንኪያቸውን ሲያስቀምጡ ገባኝ» አለች ልጅቷ። «ግን ሰሌዳው ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ሌሎቹ ሲቀሩ እኔ መቅረት አልቻልኩም።»

ረቡዕ

ለመምህርቷ ስነግራት ሰሌዳውን አጠፋች። ከዚያ ጠመኔውን ይዛ ቆመች፤ በምትኩ የምትጽፈው ጠፋት።

ያንኑ ምግብ ግቢው መሐል፣ ሰው እያየ እንድትሠራ ተስማማን። ቦንቱ ከቤት ቤት ዞራ ሰዉን ጠራች። መጡ፣ ግን አጥር አጥሩን ይዘው ቆሙ። አስናቀች ደንቧን ረስታ ከድስቱ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች። ማንም አልተነቃነቀም። አንድ ሽማግሌ አጉተመተሙ።

«ያዘጋጀችውማ ማርከሻውን አስቀድማ ጠጥታለች ይላሉ» አለች ቦንቱ።

ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

በላሁ። ሙሉ ሳህን። ሴቶቹ ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ምላሴ ከበደኝ፣ ጣቶቼ ቀዘቀዙ። ሥርና ቅቤ ብቻ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ የልብ ምቴን መቁጠር ጀመርኩ። ማታ ከተውኩት የቆየ ጸሎት ደገምኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ያደርኩበትን የትምህርት ቤት ክፍል በር ስከፍት ሴቶቹ ጉሙ ውስጥ ቆመዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ተከናንበው፣ ያለ ድምፅ። አንዷ «ሂንዱኔ» ብላ አንሾካሾከች። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ አጥሩ ድረስ ሄደ፦ ሂንዱኔ፣ ሂንዱኔ። አልሞተችም ማለት ነው።

የአዴ ዲንቄ ልጅ ከመሐል ወጣች። እናቴ የበላችውን አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ አለቻት ቦንቱን። ቦንቱ ደብተሯን ገለጠችና በቋንቋዋ ታነብ ጀመር፤ አንጮቴው ስንት ፍሬ እንደነበር፣ ከነልጣጩ በስንት ጣሳ ውኃ ስንት ሰዓት እንደተቀቀለ፣ ቅቤው በማንኪያ ስንት እንደሆነ፣ ጨው፣ ኮረሪማ። ከአንጮቴው ጎን ደግሞ ከየት እንደመጣ ተጽፏል፦ ከአዴ ዲንቄ ጓሮ።

«ቆሪቻውስ የት አለ?» አለች ሴትዮዋ።

«ሌላ የለም፣ አዴ። ቆሪቻ የተባለው ምግቡ ራሱ ነው።»

ሴትዮዋ ማንበብ አታውቅም፤ ደብተሩን ግን ተቀበለችና ገጹን አየችው።

«እናቴ የቱ ላይ ናት?»

ቦንቱ ጣቷን ይዛ መስመሩ ላይ አስቀመጠችላት። ሴትዮዋ ጣቷን ሳታነሣ ከትናንት የተረፈውን አምጡልኝ አለች፤ ቀዝቃዛውን በላችው።

ዓርብ

ስም ሲጠራ አራት ልጆች «አቤት» አሉ። አሥራ አንድ አይደሉም። አንደኛዋ ግን የአዴ ዲንቄ የልጅ ልጅ ናት።

እሑድ፣ ቤት

ዛሬ ነቀምቴ ገባሁ። ኦቦ ገመዳ ሲመልሱኝ ክንዴን ቆንጥጠው ሰው መሆኔን አረጋግጠዋል። ለአለቃዬ ይቆይ ብዬ ጻፍኩ። ያቺ ልጅ መለካት፣ ሰዓት መያዝ፣ የሆነውን እንደሆነ መጻፍ የተማረችው ድስት ሥር ነው፤ ያ ደብተር ባይኖር አስናቀች ዕድሜ ልኳን ገዳይ ትባል ነበር። አንድ ነገር ጨመርኩ፦ መምህርት ከመላካችሁ በፊት ቃሏ በሕዝቡ አፍ ምን እንደሚሆን ይጠየቅ።

እናቴ ምሳ አቀረበች። ሳህኑን ወደ እኔ ከመግፋቷ በፊት እንደ ልማዷ ከዳር ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ጨመረች። እስከ ዛሬ ጨው የምትለካ ይመስለኝ ነበር።